አያ ብጡልና የደጃች ሽበሺ ካቴና

አያ ብጡልን ያልሰማ ሰው ወረብ አምባን አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል። አሁን አሁን የእሱን ጨዋታ እያነሡ ለሌላ ቀልደኛ የሚሸልሙ በዝተዋል፤ ሙት አይሟገትም ብለው ነው፣ እኔን ግን ያናድደኛል። ይህን የሰማሁት ከአጎቴ ነው፤ አጎቴም ከአባቱ። አጎቴ ሲያወራ ጨው መጨመር ይወዳል። የእሱን ጨው ለቅሜ ላወጣ ሞክሬ ነበር፤ ወጡ አልጥም ሲለኝ መለስኩት።

ብጡል ሹመት አልነበረውም። የነበረው ከምንጩ በታች አንዲት የጌሾ ቦታ፣ ይታክቱ የምትባል ሚስት፣ ቤት ሙሉ ልጆችና አፉ ነው። አንቱ ያሉት እንደሆነ ማን መጣ ብሎ ወደ ኋላው ይዞራል፤ ስለዚህ እኔም ‹አሉ› ሳይሆን ‹አለ› እያልኩ ነው የማወራው።

፨

በደጃዝማች ሽበሺ ዘመን አንድ ጣሊያን ነጋዴ በወረብ አምባ ሲያልፍ እጅ መንሻ ይዞ ቀረበ። ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ዘርትሁን ቀጭን የወርቅ ሐብል ሰጠ፤ ለደጃች ደግሞ በአጭር ሰንሰለት የተያያዙ ሁለት የብረት ቀለበቶች ከነቁልፋቸው። በማግስቱ መንገዱን ቀጠለ። ብረቱ ምን እንደሚሠራ ግን ማንም በደንብ ሳይገባው ቀረ። አዳራሹ ሙሉ ሰው ሲያገላብጠው ዋለ። አንዱ የፈረስ እግር ማሰሪያ ነው አለ፣ ሌላው የግመል ነው አለ፣ አንድ ሽማግሌ ቄስ የጽና ሰንሰለት መስሏቸው ሊሳለሙት ጎንበስ ብለው ነበር።

በመጨረሻ ዕንባቆም ተጠራ። ዕንባቆም ምጽዋ ከካቶሊክ ቄሶች ዘንድ ጥቂት ዓመት ተቀምጦ የተመለሰ ደብተራ ነው። ሮምን አላያትም፤ ሰው ግን ‹ሮማዊው› ይለዋል፣ እሱም ስሙን አልጠላውም። ብረቱን አየና ካቴና ይባላል፣ የእስረኛ ነው አለ። በላቲንም ካቴና፣ በጣሊያንም ካቴና። ላቲን የድሮዎቹ ሮማውያን ቋንቋ ነው፤ ዛሬ አፉን የፈታበት ሕዝብ የለም። ጣሊያንኛ ከእሱ የተወለደ ልጅ ነው፤ ልጁ የእናቱን ቃል ብዙውን ሸራርፎታል፣ ይህንን ግን አንዲት ፊደል ሳይነካ ተቀብሎታል።

ደጃች ተገረሙ። መንግሥት ወድቆ፣ ሕዝብ አልቆ፣ ቋንቋ ሞቶ፣ አንድ ቃል እንዴት ሳይጎድል እዚህ ይደርሳል ብለው ጠየቁ። ብጡል ከበሩ አጠገብ ቆሞ ነበር።

«ደጃች፣ አንድ ማሳ ለመውረስ ወንድም ከወንድሙ ዕድሜ ልኩን ይሟገታል። ሰንሰለት ሲሆን ግን ተሟጋች የለውም፤ እንዳለ ይወረሳል።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ደጃች አልሳቁም። ከጎናቸው የተቀመጡት ግራዝማች ተድላም አልሳቁም፤ እሳቸው ማሳ የሚል ቃል ሲነሣ ጆሯቸው ይቆማል እንጂ ጥርሳቸው አይታይም።

፨

ግራዝማች ተድላ የወረብ አምባን መሬት እኩሌታ ይዘው፣ የቀረው እኩሌታ እንቅልፍ የሚነሳቸው ሰው ነበሩ። በራቸውን ዘግተው ነው የሚበሉት። ድመታቸው እንኳ እራቷን ጎረቤት ነው የምትበላው ይባላል። የብጡልን የጌሾ ቦታ ከተመኙ ቆይተዋል፤ ከምንጩ ጋር የምትዋሰን እሷ ናትና። አያቴ ነው ያቀናት የሚል ነገር ያመጡት ግን ያን ሰሞን ነው፣ ደጃች በብጡል እንዳልሳቁ ካዩ በኋላ።

ይታክቱ የጌሾውን ቅጠል እያደረቀች ለጠላ ጠማቂዎች ትሸጣለች፤ ቤቱ የቆመው በዚያ ነው። ያቺ ቦታ ከሄደች ብጡልም ሚስቱም ልጆቹም የሰው ደጅ መጥናት ነው የሚጠብቃቸው።

በዚያ ዘመን ሰው ባላጋራውን ሲይዝ የነጠላውን ጫፍ ከባላጋራው ነጠላ ጋር ቋጥሮ፣ ተያይዘው ዳኛ ፊት ይሄዳሉ። ቁራኛ ይሉታል። ቋጠሮውን የፈታ ተረታ ማለት ነው። ግራዝማችም ብጡልን ገበያ መሃል ደጃች ይሙት ብለው አቆሙና ነጠላቸውን ከነጠላው ቋጠሩት። ግን የግራዝማች ነጠላ አባታቸው ለክርስትና የለበሱት ነው የሚባል፣ ከድሪቶነት አንድ እጥበት ብቻ የቀረው ነው። እሳቸው ወደፊት ሲጎትቱ ጨርቁ መተርተር ጀመረ።

«ግራዝማች፣ እባክዎ ቀስ ብለው ይጎትቱ፤ እርስዎ ሸማ ስላልገዙ ፈታ ተብዬ ልረታ ነው።»

፨

ደጃች አዲሱን ብረት የሚሞክሩበት ሰው ሲፈልጉ ነበር። ጨርቁ ይፈታና በካቴናው ይሁን አሉ። ግራዝማች ደስ አላቸው፤ የብጡል ሁለት እጅ ሲቆለፍ ሊያዩ ነው። ዕንባቆምም ወደ ደጃች ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ በፈረንጅ አገር ሁለቱም ቀለበት የሚገባው በአንዱ ሰው እጅ ነው አለ። ልብ ያለው የለም። ቀለበቱ ሁለት፣ ባላጋራው ሁለት፤ ቁራኛ እያየ ላደገ ሰው ይህ ትምህርት አያሻውም። አሽከሮቹ አንዱን በግራዝማች ቀኝ እጅ፣ አንዱን በብጡል ግራ እጅ አግብተው ቀጭ አደረጉት።

ግራዝማች እኔ ከሳሽ ነኝ ብለው ጮኹ። ደጃች ነገሩ ገረማቸውና፣ እዚያ አገር ታዲያ ከሳሹን በምን ነው የሚያስሩት ብለው ዕንባቆምን ጠየቁ። ከሳሽማ አይታሰርም፣ ቤቱ ገብቶ ይተኛል አለ ዕንባቆም። አዳራሹ አጉረመረመ፤ እንዲህ ያለ ፍርድ ሰምቶ አያውቅም።

«እንዲያ ከሆነ» አለ ብጡል «እዚያ አገር ከመክሰስ ሌላ ሥራ የሚሠራ ማን ነው?»

ዕንባቆም ግን ቃሉን ገና አልጨረሰም። አንድ ሲሆን ካቴና ነው፣ ሲበዛ በላቲንም በጣሊያንም ካቴኔ ነው፤ ቀለበቱ ሁለት፣ ሰውም ሁለት ስለሆነ ካቴኔ ብንለው ይሻል ይሆን እያለ ሲጨነቅ፣ ብጡል እጁን ከነግራዝማች እጅ አነሣና ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

«ተወው የኔ ወንድም፤ ለእኛ አንዱም በዝቶብናል።»

ደጃች ቁልፉን በአንገታቸው አንጠለጠሉ። ነገሩን ነገ አያለሁ ብለው ሳይጨርሱ ከንጉሥ መልእክተኛ መጣ። ያንኑ ዕለት ከነጓዛቸው ተነሡ፤ ቁልፉም አብሮ ሄደ።

፨

ግራዝማች ጎጆ ቤት አልገባም ስላሉ፣ ብጡል ከእሳቸው አዳራሽ ገባ። በሩን እንደገቡ እንደ ልማዳቸው ከባዱን የብረት መወርወሪያ ወረወሩት። ሊጠይቅ ተከትሏቸው የገባው ዕንባቆም ይህን አይቶ ዝም ይበል? ጣሊያን ይህንን ካቴናቾ ይለዋል፣ ያው የካቴና ዘር ነው፣ ቃሉ ሲገዝፍና መልኩ ሲከፋ እንዲህ ይሆናል አለ።

«ይኸኛውንስ» አለ ብጡል «ግራዝማች ያለ መምህር ነው ያወቁት።»

ችግሩ የታየው መሶብ ሲቀርብ ነው። ግራዝማች የታሰረ እጃቸው የሚጎርሱበት ቀኝ ነው፤ ወደ ምግቡ በሰደዱት ቁጥር የብጡልም ግራ እጅ እየተጎተተ አብሯቸው ይሄዳል። የብጡል ቀኝ ግን ነፃ ነው፤ ልቡ እንደወደደ ይጎርሳል። እሳቸው አንዴ ሲጎርሱ እሱ ሦስቴ ይጎርሳል። ግራዝማች ይህን አይተው ድንገት ሱባኤ ገባሁ አሉና መሶቡ እንዳይቀርብ አዘዙ። አጎቴ እዚህ ላይ ሲደርስ፣ ከስስት የተነሣ ጻድቅ የሆነ ሰው በዓለም ላይ እሳቸው ብቻ ናቸው ይላል።

ያልጠረጠሩት ነገር የአገሩን ልማድ ነው። እስረኛ መጠየቅ ጽድቅ ነው፤ ታስሬ ጠይቃችሁኛል ይላልና። የወረብ አምባ ሴቶች አገልግላቸውን እያነገቱ መጡ። ዱለቱ፣ ክኩ፣ እንቁላል ጣል የተደረገበት ዶሮው፣ ዕድሜ ልኩን ተዘግቶ የኖረው አዳራሽ የሰርግ ቤት ሆነ። ሁሉም ሲወጡ ለሁለቱም እኩል እግዜር ያስፈታችሁ ይላሉ። ግራዝማች እኔኮ ከሳሽ ነኝ ቢሉ ማን ይስማቸው፤ እጃቸው ላይ ያለውን ነው የሚያዩት። ወጡ ይሸታል፣ ሆዳቸው ይጮኻል። በመጨረሻ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ይህ ምግብ ለማን የመጣ ነው ብለው ጠየቁ።

«ይብሉ ግራዝማች፤ ወንጌሉ የታሰረ ጠይቁ አለ እንጂ ከሳሹን ከተከሳሹ ለዩ አላለም።»

ከሁሉ አብልጠው የበሉት እሳቸው ናቸው።

፨

ይህችን እንኳ ሴቶች ባሉበት አላወራትም። በማግስቱ ማለዳ ግራዝማች ሜዳ መውጣት ግድ ሆነባቸው። ከቁጥቋጦው ኋላ ሲቀመጡ ብጡልም ሰንሰለቱ እስከፈቀደለት ዞሮ ቆመ። ግራዝማች በሐፍረት እየነደዱ፣ አንድ ቃል ትተነፍስና ወዮልህ፣ እዚህ ድምፅ የሚባል አልሰማም አሉት። ብጡል እሺ ብሎ ዝም አለ። ብዙም ሳይቆይ ግን የትናንቱ ዱለት ሥራውን ጀመረ።

«እኔን ዝም በል ብለው እርስዎ ጨዋታውን ብቻዎን ያዙት እኮ፣ ግራዝማች።»

፨

ይታክቱ አገልግል ይዛ የመጣች ዕለት ግን ጨዋታ አልነበረም። ግራዝማች አሁን በግልጽ መናገር ጀምረው ነበር፤ ደጃች ሲመለሱ መሬቷ የእኔ ናት፣ ምንጩን አጥሬ እዘጋዋለሁ ይሉ ነበር። ይታክቱ ባሏን ለብቻው ልታናግረው ብትፈልግ ለብቻው የሚባል ነገር የለም፤ ግራዝማች ክንዱ ላይ ናቸው። ፊታቸውን አዙረው የማይሰሙ መሰሉ። እሷም እዚያው ተናገረችው። ልጆቹ አባታችን የት ነው እያሉ ነው፤ አንተ እዚህ ቁጭ ብለህ ሰው ታስቃለህ፤ ደጃች በቀልድህ ቂም ይዘው ቢፈርዱብን የት ልንገባ ነው አለችው።

ብጡል ፈርቶ ነበር። ቀልደኛ አይፈራም የሚሉ ቀልደኛ ቤት ያላደሩ ናቸው። አፉ የማያርፈውም ለዚህ ነው።

«ይታክቱ፣ ከመሬቷ ሌላ ያለኝ አፌ ነው፤ በእሱ ካልተሟገትኩ በምን ልሟገት?»

እሷም አገልግሉን ከፍታ እንጀራውን እየቆረሰች፣ ቀና ሳትል መለሰችለት። «እንግዲያው አታባክነው።»

አጎቴ ብጡልን በነገር የረታው ሰው አንድ ብቻ ነው፣ እሷም ሚስቱ ናት ይላል።

፨

ወይዘሮ ዘርትሁን ባላቸው በሌሉበት ለመድኃኔ ዓለም ግብር አበሉ። ግራዝማች መቅረት አይሆንላቸውም፤ የሰው ድግስ ነው። ቦታቸው ከመኳንንቱ ጋር ከላይ ነውና ወደዚያው ሲያመሩ ብጡልም አብሮ ወጣ። አጋፋሪው በዱላው አግዶት፣ ያንተ ቦታ ከበር ነው አለው።

«ከበር ብቀመጥ ደስ ይለኛል። ግን ግራዝማችን ከመኳንንት አውርዶ ከበር ያስቀመጣቸው ማን ነው ሲሉኝ፣ ስምህን ማን ልበል?»

አጋፋሪው ዱላውን አነሣ። ብጡል ከወይዘሮዋ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ወይዘሮ ዘርትሁን ያን የጣሊያኑን ሐብል አድርገው ነበር፤ ዕንባቆምን ጠሩና፣ ለዚህስ ስም አለው ወይ አሉት። ዕንባቆም ጥያቄ ሲያገኝ የሚሆነውን መቼም አያችሁ። እንዴታ እመቤቴ፣ ካቴኔላ ይባላል፤ ያው ካቴና ሲያንስና ሲያምር ነው፣ በላቲኑም ሲያንስ ካቴላ ይሉታል አለ። ወይዘሮ ዘርትሁን ፊታቸው ጠቆረ። ሌባ የሚታሰርበት ብረትና የእኔ አንገት ጌጥ በምን ተዛመዱ ቢሉት ዕንባቆም ላብ አጠመቀው። ሰው ሁሉ ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ።

«አይቆጡ እመቤቴ፤ እኔንም ያሰሩኝ ደጃች ናቸው። የእኔ ግን ቁልፍ አለው።»

ወይዘሮ ዘርትሁን ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። አጎቴ ሳቁ ነው ይላል። አባቱ ግን እዚያ ነበሩና፣ ሳቅ አይደለም ብለው ነበር የሞቱት።

፨

ደጃች የተመለሱ ቀን ከወንዙ ማዶ ድንኳን ተክለው አረፉ። ነገሩን በማግስቱ ከዋርካው ሥር አያለሁ ብለው አስነገሩ። ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው በጓዝ ውስጥ አኑረውት ነበር፣ ጓዙም ገና ወደኋላ ነው። ይታክቱ ሽማግሌዎቹን ስትለምን ሰንብታ ነበር፤ መሬቷ የብጡል አባት እንደነበረች አምስት ሽማግሌዎች ሊመሰክሩ መጥተዋል። ግራዝማች ይህን ሲሰሙ ማደር አልቻሉም። ከሣጥናቸው በብር የተለበጠ የአውራሪስ ቀንድ ዋንጫ አወጡ። በሌላ ሰው እጅ መላክ የሚባል ነገር አይታሰብም፤ መንገድ ላይ ብሩን ልጦ ቢሰጥስ? እናም ራሳቸው ሄዱ። እሳቸው ከሄዱ ደግሞ ማን እንደሚሄድ ታውቃላችሁ።

ድንኳኑ ውስጥ ከሦስቱ በቀር ሰው አልነበረም። ደጃች ብጡልን ሲያዩ ፊትህን አዙር አሉት፤ አዞረ። ለትልቅ ሰው ዕቃ በአንድ እጅ አይሰጥምና ግራዝማች ዋንጫውን በሁለት እጃቸው ይዘው እጅ ነሡ። ደጃች ሲቀበሉ ግራዝማች መልቀቅ አቃታቸው፤ ጥቂት ተጓተቱበት። ከዚያ ወጡ። ብጡል እንደ ሌላ ቀን ቢሆን ድንኳኑን በሳቅ ያፈርሰው ነበር፤ ያን ዕለት ግን አንዲት ቃል አልወጣውም። ግራዝማች በመንገድ ሁሉ እያዩት ይሄዱ ነበር፤ በቃ ተሰበረ ብለው ልባቸው ቅቤ ጠጣ።

፨

የጌሾዋ ቦታ ዛሬም የብጡል የልጅ ልጆች ናት። ከዚያ ጉባኤ በኋላ ግራዝማች ስለሷ ትንፍሽ ብለው አያውቁም፤ ደጃችም ሊፈርዱ ያሰቡትን ሳይፈርዱ ነው ከወንበራቸው የተነሡት። ነገሩ እንዲህ ነበር።

አገሩ ሁሉ ከዋርካው ሥር ተሰብስቧል። አምስቱ ሽማግሌዎች ለብጡል መሰከሩ። የግራዝማች ሁለት ጭሰኞች ለግራዝማች መሰከሩ፤ አንደኛው የመሬቷን ስም እንኳ ተሳስቶ በመሃል ታረመ። ደጃች ግን ጢማቸውን እያሻሹ፣ ሽማግሌ ይረሳል፣ ምንጭና መሬት ደግሞ ለሚያጥረው ሰው ይገባል ማለት ጀመሩ። ይህን ያለ ዳኛ ወዴት እንደሚያዘነብል የማያውቅ የለም። ይታክቱ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ቆማለች። ከኋላዋ አንድ ሰው አይ ጉድ ሲል ተሰማ።

ቁልፉ ቀርቧል። ደጃች ሕዝቡ እንዳኮረፈ ገባቸውና ከፍርዱ በፊት ትንሽ ጨዋታ ሊያመጡ ፈለጉ። ዕንባቆም ቃሉን በላቲንም በጣሊያንም አስተማረን፣ አንዱንም ብዙውንም፣ ትንሹንም አስቀያሚውንም አወቅን አሉ፤ ትርጉሙን በአማርኛ የነገረን ግን የለም። የተሸከምከው አንተ ነህና ብጡል፣ ካቴና ማለት ምን ማለት እንደሆነ በል ለጉባኤው ንገር፣ ከዚያ ይፈታልህና ፍርድህን ትሰማለህ አሉት። ብጡል እጁን ወደ ላይ ሲያነሣ የግራዝማችም እጅ አብሮ ተነሣ፤ ጉባኤው ሁሉ አየው።

«ደጃች፣ በአማርኛ ካቴና ማለት፣ ትናንት ግራዝማች የቀንዱን ዋንጫ ሲሰጡዎ የእኔም እጅ አብሮ የሰጠበት ብረት ነው። መማለጃውን የተቀበሉት ከሁለታችንም ነውና ለሁለታችንም ይፍረዱ።»